ሳንባ ነው ዋናው

የትም ሂዱ፣ ልጆች እግር ኳስ የሚሠለጥኑበት ሜዳ ሁሉ ሁለት ግብ፣ አራት ማዕዘንና አንድ አባ ሳንባ አለው። ግቡ ቢጠፋ ሁለት ድንጋይ ይተካዋል። የማዕዘኑ ባንዲራ ቢሰረቅ ጫማ ይቀመጥበታል። አባ ሳንባ ግን ጠፍተው አያውቁም። ዝናብ ቢጥል፣ አሰልጣኙ ራሱ ቢቀር፣ እሳቸው አሉ። ጨዋታ በተሰረዘ ቀንማ ቀድመው ይመጣሉ፤ ለምን እንደተሰረዘ ለሌላው የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋላ!

እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። ልጃቸው፣ ወይም የልጅ ልጃቸው፣ ወይም የጎረቤታቸው ልጅ ይጫወታል። እሳቸው መስመሩን በጫማቸው ጫፍ እየረገጡ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ሃያ ሁለቱንም ልጆች በአንድ ጊዜ ያሠለጥናሉ። የተጋጣሚውን ቡድን ሳይቀር። ክለቡ ደመወዝ አይከፍላቸውም፣ ሥልጣንም አልሰጣቸውም። ሥልጣኑን የሰጣቸው ጉሮሯቸው ነው።

የእኛው አባ ሳንባ በሙያቸው የብረት በርና መስኮት ሠሪ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ነገር ግን ልጆቹ ያወጡላቸው ስም ከመታወቂያቸው በላይ አገልግሏል። በእግር ኳስ ውስጥ ለሚነሳ ጥያቄ ሁሉ ያላቸው መልስ አንድ ነው። አጥቂው ኳስ ሳተ፤ «ሳንባ ነው ዋናው!» በረኛው ዘግይቶ ዘለለ፤ «ሳንባ!» አንድ ቀን ተከላካያችን በገዛ ግቡ ላይ አገባ። ይህን እንኳ በምን ያስረዱታል ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ። «አየር ሲያጥር አእምሮ አቅጣጫ ይስታል» አሉ በእርጋታ። «ሳንባ ነው ዋናው፤ ሌላው ጌጥ ነው።»

ከሜዳው ዳር ያለው ወንበራቸው የእጅ ሥራቸው ነው። ከበር ትርፍ ብረት በይደው የሠሩት፣ አንድ ሰው ብቻውን የማያነሳው፣ ከአጥሩ ጋር በሰንሰለት ታስሮ የሚያድር ወንበር። እኔ ክለቡን ከተቀላቀልኩ ወዲህ ሦስት አሰልጣኞች ሄደዋል፤ ወንበሩ ግን ካለበት አልተነቃነቀም። ወንበራቸው ስላችሁ ይቀመጡበታል ማለቴ አይደለም። ተቀምጠው አያውቁም። ሌላ ሰው ሲቀመጥበትም አይወዱም። «የተቀመጠ ብረት ይዝጋል» ይላሉ።

የክቡርነታቸው የሥልጠና ፍልስፍና ከዚሁ ከሙያቸው የተቀዳ ነው። የልጅ ሰውነት ብረት ነው፤ ካልጋለና ካልተቀጠቀጠ ቅርጽ አይይዝም። እረፍት ዝገት ነው። በልምምድ መሃል የሚጠጣ ውሃ ሆድ ውስጥ ከመንቦጫቦጭ በቀር ጥቅም የለውም። ሁለት ባዶ የቀለም ቆርቆሮ በሲሚንቶ ሞልተው፣ በቧንቧ ብረት አገናኝተው፣ ለልጃቸው ክብደት ማንሻ ሠርተውለታል። ስንት ኪሎ እንደሆነ ስጠይቃቸው «በቂ ነው» አሉኝ።

አንድ ጊዜ የክለቡ ሐኪም በማደግ ላይ ያለ አጥንት እንዴት እንደሚያዝ ሊያስረዳ ወላጆችን ሰበሰበ። አስረጂው አባ ሳንባ ሆነው አረፉት። ሐኪሙ አንገቱን ደፍቶ ሲጽፍ አይቼ፣ ምን ዓይነት ትሑት ሰው ነው፣ ማስታወሻ ይይዛል ብዬ ተደነቅሁ። ጠጋ ብዬ ሳይ ከገበያ የሚገዛውን እየዘረዘረ ነው። ዳኞችም ቢሆኑ አላመለጡም። አንዱ ዳኛ ታግሶ ታግሶ ሲመረው መጣና «አባት፣ እባክዎ ከመስመሩ ወደ ኋላ ይበሉ» አላቸው። አባ ሳንባ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ደረቱን አዳመጡና «አንተም ታለከልካለህ» አሉት። ያ ዳኛ ከዚያ ወዲህ በወንበሩ በኩል የሚያልፈው ትንፋሹን ውጦ ነው።

እኔ የክለቡ መዝገብ ያዥ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ ተምሬ የልጆችን ቁመት፣ ክብደት፣ ፍጥነትና ዝላይ እመዘግባለሁ። ነጥብ ያለ ቦታዋ ስታርፍ የሚያመኝ ሰው ነኝ፤ ጓደኞቼም ይህን በደግ አያነሱትም። ቢሮዬ ከመልበሻ ክፍሉ ጎን ያለች፣ የጫማና የቅባት ሽታ የማይለቃት፣ ወደ ሜዳው የምትከፈት አንድ መስኮት ያላት ክፍል ናት። አባ ሳንባ ስሜን አሳምረው ያውቁታል። የሚጠሩኝ ግን «መዝገብ ቤት» ብለው ነው።

ባለቤቴ የዚሁ ክለብ የአካል ብቃት አሰልጣኝ ነበር። የእሱና የአባ ሳንባ ነገር እሳትና ጭድ ነው። ባለቤቴ በየወሩ የልጆቹን ቁመት እንለካ ያለ ሰው ነው። ልጅ ድንገት ሲመዘዝ አጥንቱ ይቀድማል፤ ጡንቻና ጅማቱ ተከትለው እስኪደርሱ ድረስ ልጁ በገዛ እግሩ ላይ እንግዳ ነው። ትናንት የደረሰበት ኳስ ዛሬ ያመልጠዋል። ይወላገዳል፣ ቶሎ ይደክማል፣ ጉልበቱን ያመዋል። ይህ ስንፍና አይደለም፣ ወቅት ነው፣ ያልፋል። እስኪያልፍ ዝላይና ጠንካራ መሬት ላይ መሮጥ ይቀነስለት፣ ፈተናውም ይዘግይለት ብሎ ደንብ ጻፈ፤ ክለቡም ተቀበለው።

አባ ሳንባ ለዚህ ደንብ ያወጡለት ስም «የሰነፍ ሳይንስ» ነው። ልምምድ ባለቀ ቁጥር ባለቤቴን ወንበሩ ጋ ያስቆሙታል። እጅ ይወናጨፋል፣ ኮፍያ ይወልቃል፣ ጣት ወደ ሰማይ ይቀሰራል። ከዚያ ወደ መስኮቴ ይመጡና ውጤት ያሳውቁኛል።

«ዛሬም አሸነፍኩት፣ መዝገብ ቤት! ሰማንያ ለሦስት!»

«ሦስቱን እንዴት አገኘ?» ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ።

«ለጨዋነት የሰጠሁት ነው» አሉኝ።

እኔ ግን እውነተኛውን ውጤት የማውቀው ቤቴ ነው። ባለቤቴ የተሸነፈ ዕለት ክርክሩን ቤት ድረስ ይዞት ይመጣል። ማንኪያውን ቅልጥም፣ ብርጭቆውን ሳንባ አድርጎ፣ እራት እስኪያልቅ ያስረዳኛል። ያሸነፈ ዕለት ዝም ይላል። ዝም ብሎ ይበላል፣ ዝም ብሎ ሳህን ያጥባል። እኔም ማን አሸነፈ ብዬ አልጠይቅም።

ባለፈው ዓመት ሞተ። ልቡ ነበር። ቤት ውስጥ፣ ወደ ሥራ ሊሄድ ጫማውን እያሰረ።

ወደ ቢሮዬ ስመለስ ሰው ሁሉ ደግ ሆኖ ጠበቀኝ። አሰልጣኙ ሲያየኝ ድምፁን ይቀንሳል። ልጆቹ በመስኮቴ ስር ሲያልፉ ኳሱን በእጃቸው ይይዛሉ። የባለቤቴን ስም ማንም አያነሳም፤ አምልጦት ያነሳ ሰው «ነፍሱን ይማር» ብሎ ቶሎ ሌላ ወሬ ይፈልጋል። አባ ሳንባ በመጀመሪያው ቀን መጥተው ክርናቸውን መስኮቴ ላይ አስደገፉ። እግዜር ያጥናሽ ይሉኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ።

«መዝገብ ቤት፣» አሉኝ፣ «ባልሽ ስለ ውሃ የሚለውን ነገር አሰብኩበት። አሁንም ተሳስቷል።»

አሰልጣኙ ከኋላ ሰምቶ ክው አለ። ክንዳቸውን ይዞ ጎተታቸው። እሳቸው እየተጎተቱም «ሆድ ውስጥ ይንቦጫቦጫል እኮ ነው የምለው!» እያሉ ሄዱ። ይሉኝታ ሲታደል ሰውዬው ሜዳ ዳር ቆመው ነበር ማለት ነው ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

አሁን ወደ ልጃቸው ልምጣ።

የመጨረሻ ልጃቸው ነው። ክለቡ ሲገባ ከእኩዮቹ ሁሉ አጭር ስለነበር ጓደኞቹ «ቁንጫ» ብለውት ነበር። በሁለት ተከላካይ መሃል ሾልኮ ይወጣል፣ ይጠፋል፣ ያልታሰበበት ቦታ ዘሎ ይገኛል። ዘንድሮ ግን ተመዘዘ። በመዝገቤ ላይ የቁመቱ መስመር ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ሽቅብ ሲሄድ፣ የፍጥነቱና የዝላዩ መስመር ያንኑ ደረጃ ሲወርድ አየሁ። ልጆቹ መስመር ሳያስፈልጋቸው ስሙን ቀየሩት። «ሸንበቆ» አሉት።

በወቅቱ ማብቂያ ላይ ወደ ትልቆቹ ቡድን የሚያልፉትን ከሚለዩ ፈተናዎች ዋናው፣ ልጆቹ «ጢጥ» የሚሉት ሩጫ ነው። በሃያ ሜትር ርቀት ሁለት መስመር ይሰመራል። ድምፅ ማጉያው «ጢጥ» ሲል ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው መሮጥ ነው። ሁለተኛው «ጢጥ» ሳይሰማ ያልደረሰ ይወጣል። ድምፁም እየፈጠነ፣ እየፈጠነ ይሄዳል። ለሙከራ ባደረግነው ሩጫ ሸንበቆ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ። ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ ሣሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ቀረ።

«ሜዳው ረዝሟል!» የሚል ድምፅ ከወንበሩ በኩል ተሰማ።

ጓደኞቹ ሳቁ። ልጁ ቀና አላለም።

አሰልጣኙ ያን ዕለት ቢሮዬ መጥቶ በሩን ዘጋ። «ይኸው ደንብ አለን፤ ፈተናውን ላዘገይለት እችላለሁ» አለኝ። «ደንቡን የጻፈው ደግሞ ... ያው ... ማለቴ ...»

«ባለቤቴ» አልኩት።

«አዎ። ነፍሱን ይማር። ግን አባትየው ካልፈቀዱና ልጁ ስድስት ሳምንት ካላረፈ አይሆንም። ካላረፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሌሎቹ ጋር ይፈተናል፤ ይወድቃል፤ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ጉልበቱን ደግሞ አላውቅም።»

ሁለታችንም በመስኮት ወደ ወንበሩ አየን። አባ ሳንባ ለሌላ ልጅ እናት እጃቸውን እያወናጨፉ ስለ አየር ያስረዳሉ።

ወጥቼ ነገርኳቸው። ቁጥሩን በቁጥር፣ ወሩን በወር። አቋረጡኝ።

«አይሆንም። የእኔ ልጅ የሐኪም ወረቀት ይዞ አያልፍም። ሮጦ ነው የሚያልፍ። ቤት ከዚህ እጥፍ ይሮጣል እኮ!»

«የት ቤት፣ ጋሼ?»

«በእኛው ቅያስ። ጢጡን በስልኬ ቀድቼዋለሁ።»

እውነትም ቀድተውታል። ከአጥሩ ውጭ ሆነው፣ ስልካቸውን በሽቦው አሾልከው። አሰሙኝ። ከ«ጢጥ»ና «ጢጥ» መካከል አንድ የማውቀው ድምፅ «ሳንባ! ሳንባ!» ይላል።

በማግስቱ የሥራ ሜትራቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው መጡ።

«ጫፉን ያዢልኝ።»

«ጋሼ፣ ሜዳውን የለካሁት እኔ ነኝ።»

«አንቺን ማን ጠረጠረ! ኖራ የረጨውን ነው የጠረጠርኩት።»

ያዝኩላቸው። ሃያ ሜትር፣ ሳያልፍ ሳይጎድል። ጎንበስ ብለው አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው አዩት። መልሰው አጥልቀው አዩት።

«ይሄ ሜትር አርጅቷል» አሉ በመጨረሻ።

«ሜትር ምን ሆኖ ያረጃል?»

«ይሳባል። ሙቀት ሲያገኘው ብረት ይሳባል፤ የማታውቂውን አትናገሪ።»

«በዚሁ ሜትር የሠሯቸው በሮችስ?»

«ይገጥማሉ!» አሉ ቆጣ ብለው፤ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። «ቅዳሜ ቤት ነይ። በዓይንሽ ታያለሽ።»

ሄድኩ። ቤታቸው ከሥራ ቦታቸው ጋር ግድግዳ ይጋራል። በቅያሱ አንድ ወገን ግማሽ ጎናቸው ቀይ የጸረ ዝገት ቀለም የተቀባ በሮች ተደግፈው ቆመዋል፤ ቤት የሌላቸው በሮች። በሌላው ወገን የታጠበ የስፖርት ልብስ ተሰጥቷል። መሬቱ ሲሚንቶ ነው፣ የብረት ብናኝ ይፈጭበታል። ስልኩን ከታወቁት የሲሚንቶ ቆርቆሮዎች በአንዱ ላይ አስቀመጡት። ሸንበቆ መስመሩ ላይ ቆመና «ጢጥ» ሲል ተነሳ።

ሮጠ። እውነትም ሮጠ። ክለቡ ሜዳ ላይ የወጣበትን አለፈ፣ ሌላም ጨመረ፣ ሌላም። አባ ሳንባ አጠገቤ ቆመው በየዙሩ በክርናቸው ይጎስሙኛል። «አየሽ? አየሽ?» እኔ ግን ልጁን ሳይሆን መሬት ላይ የተቀቡትን ሁለት ቀይ መስመሮች ነበር የማየው። ቁጥር ውስጥ የኖረ ሰው ዓይን ክፉ ነው።

«ጋሼ፣ ይህንን በምን ለኩት?»

«በእግሬ። የእኔ እርምጃ አንድ ሜትር ነው። የዚህን ሰፈር አጥር ሁሉ የለካሁበት እግር ነው።»

«እስቲ ሜትሩን ይስጡኝ። ጫፉን ይያዙልኝ።»

ያዙልኝ። ከሃያው ሦስት ሜትር ያህል ይጎድላል።

ሜትሩ አርጅቷል ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። አላሉም። ሜትሩን ለቀቁና ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ጮክ ብለው እየቆጠሩ ተራመዱ። ሃያኛዋ እርምጃቸው ቀዩ መስመር ላይ ልክክ ብላ አረፈች። እግራቸውን ቁልቁል አዩት፤ እንደከዳ ጓደኛ።

ባለቤታቸው ከበሩ ላይ ሆነው፣ መርፌና ክር እጃቸው ላይ እንዳለ፣ ያዩ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ አጥር በለካህበት ዘመን እኮ ትንደረደር ነበር» አሉ። «አሁን የምትሄደው ወገብህን ይዘህ ነው። እርምጃህ ካጠረ ስንት ዘመኑ!»

«አንቺ ደግሞ በማታውቂው ...»

«የማውቀውን ልንገርህ? ልጅህ ደረጃ በጎን ነው የሚወጣው። እንደ ሸርጣን።»

«እማዬ!» አለ ልጁ።

«ምን እማዬ ትለኛለህ! ሱሪህን ሁለቴ አስረዘምኩት፣ አሁን የማስረዝምበት ጨርቅ አልቆብኛል። ጉልበቱን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ ነው የሚተኛው። ዛሬ ጠዋት ፎጣውን ከአልጋው ስር አገኘሁት።»

አባ ሳንባ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ልጁ ግድግዳውን ተደግፎ አንድ እግሩን አንጠልጥሎ ቆሟል። ከጉልበቱ በታች ያለው አጥንት አብጦ ከካልሲው በላይ ይታያል። ካልሲውን ሊስበው ሞከረ፤ ካልሲውም አጥሮታል።

«እውነት ነው?»

«ትንሽ ነው፣ አባዬ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ምን ልትለኝ?» አለ ልጁ። «ሳንባ ነው ትለኛለህ።»

ስልኩ «ጢጥ» አለ፣ ከውስጡም ያው ድምፅ «ሳንባ!» ሲል ተከተለው። አባ ሳንባ ጎንበስ ብለው አጠፉት። ከዚያ ስልኩ የነበረበት የሲሚንቶ ቆርቆሮ ላይ ተቀመጡ። ስንት ዓመት ሳውቃቸው ሲቀመጡ ያየሁት ያን ቀን ነው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የልጃቸውን ጉልበት ያያሉ።

«መዝገብ ቤት» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ባልሽ ምን ይላል?»

ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ባልሽ ምን ይል ነበር አላሉም። ምን ይላል ነው ያሉት፣ እዚያ ማዕዘን ጋ ፊሽካውን አንጠልጥሎ የቆመ ይመስል።

«ይረፍ ይላል» አልኩ። «ስድስት ሳምንት። ዝላይ የለም፣ ደረጃ የለም፣ ሲሚንቶ ላይ ሩጫ የለም። ሐኪም ይየው። መዋኛ ካገኘ ይዋኝ። ሲሻለው ቀስ እያለ ይመለሳል።»

«ኳስስ?»

«ቆሞ መቀባበል ይችላል።»

«አራት ሳምንት ይበቃዋል በይው።»

«ስድስት ነው የሚለው፣ ጋሼ።»

«አምስት።»

«ያውቁታል እኮ።»

«አውቀዋለሁ!» አሉና ተነሱ። «ግትር ነው! ድሮም ግትር ነው! ሰው እየለመነው አንድ ሳምንት አይቀንስም!» ልጃቸውን በብብቱ ደግፈው ወደ ቤት አስገቡት። ባለቤታቸው ወደ እኔ አይተው፣ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰኩና «ግቢ፣ ልጄ፣ ውሃ ጠጪ» አሉኝ። ገባሁ። በዚያ ቤት በልምምድ መሃል የተጠጣ ውሃ ያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ሰኞ ዕለት አባ ሳንባ ለአሰልጣኙ ፈቃዳቸውን ሰጡ። ሐኪሙም ጉልበቱን አየና ባለቤቴ የሚለውን አለ። አባ ሳንባ ዝም ብለው ሰሙት። ሐኪሙ ደንግጦ ሁለት ጊዜ ደገመላቸው።

የታረሙ መስሏችሁ ከሆነ ግን ሰውየውን አታውቋቸውም። በሳምንቱ ከሜዳው ዳር አዲስ አዋጅ ተሰማ። «እረፍት ነው ዋናው!» የሚያልፈውን ሁሉ ወላጅ እያስቆሙ፣ «ብረት እንኳ ከጋለ በኋላ ካልበረደ ይሰበራል፤ ይህን የማያውቅ በያጅ የለም» ይላሉ፤ ሐሳቡን ራሳቸው ያፈለቁት ይመስል። ልጅ የሚያስሮጥ አባት ካዩ መንገድ ይዘጉበታል። «ቁመቱን ለክተኸዋል? አልለካኸውም! ልጁን ልትሰብረው ነው!» አሰልጣኙን ልጆቹን ውሃ አያጠጣም ብለው ከሰሱት። በገዛ ወንበራቸው ላይ፣ ማንም ባልተቀመጠበት ወንበር ላይ፣ ሸንበቆን አስቀመጡት፤ እግሩንም ሌላ ትርፍ ብረት በይደው በሠሩት መደገፊያ ላይ ዘረጉለት። ልጁ በሐፍረት ኮፍያውን እስከ አፍንጫው ስቦ ይቀመጥ ነበር።

«እትዬ፣» አለኝ አንድ ቀን በመስኮቴ፣ «እንዲያሮጠኝ ብትለምኚው አይሻልም? እንደ ንጉሥ አስቀምጦኝ ሁሉ ሰው ይስቅብኛል።»

«ስድስት ሳምንት ነው» አልኩት።

«አንቺም እንደ ጋሼ ግትር ነሽ» አለና ሄደ። ጋሼ የሚለው ባለቤቴን ነበር። ያንን ስም ከአንድ ልጅ አፍ ከሰማሁት ቆይቶ ነበር። የአባቱ በሽታ ተጋብቶበታል።

ይህን መጻፍ የጀመርኩት በአንድ ለፍላፊ ሰው ልስቅ ብዬ ነው፤ ስቄያለሁም። ግን መዝገብ ያዥ ነኝና ያየሁትን ልጻፍ። ክለቡ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ባለቤቴን በክብርና በዝምታ ቀበረው፤ እኔንም በደግነቱ ብዛት አብሮ ሊቀብረኝ ትንሽ ቀርቶት ነበር። አባ ሳንባ ብቻ ሊቀብሩት እምቢ አሉ። ክርክራቸው መች አለቀና!

የዘገየው ፈተና ደረሰ። ሸንበቆ ከሌሎች አምስት ልጆች ጋር ሃያ ሜትሩ ላይ ቆመ፤ ሃያ ሜትሩንም ከዋዜማው ጀምሮ አባቱ በሜትር ሁለቴ ለክተውታል። ልጁ አንደኛ አልወጣም። ሦስተኛ ነበር። ከሚፈለገው ግን አልፏል፤ ቦታውም ጸንቶለታል። ሲጨርስ ጉልበቱን አልያዘም፤ ወገቡን ይዞ ወደ ላይ አየ፣ ያደገበትን ከፍታ ገና እንደሚለማመድ ሰው። አባ ሳንባ በፈተናው ሁሉ አንድ ቃል አልወጣቸውም። አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘው ነበር።

ከዚያ ወደ መስኮቴ መጡ። ክርናቸውን አስደገፉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መዝገብ ቤት፣ ውጤቱን አስተካክይ። ለባልሽ አራት አድርጊለት።»

«ይሄም ለጨዋነት ነው?»

«አይደለም» አሉ። ወደ ሜዳው ዞሩ። ልጃቸው ጓደኞቹ ላይ ውሃ እየረጨ ይሯሯጣል። «ይሄን አግብቶብኛል።»

«እርስዎስ ስንት ነዎት?»

«ያው ሰማንያ ነኝ! ሰማንያ ለአራት ነው፣ እንዳይኮራብኝ። ሁለተኛው አጋማሽ ገና ነው በይው።»

«እነግረዋለሁ፣ ጋሼ።»

ቤት ስገባ ነገርኩት። በሩን ዘግቼ፣ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ጮክ ብዬ ነው የነገርኩት፤ አራት ገባህ ብዬ። አልመለሰልኝም። ሲያሸንፍ ዝም ማለት ድሮም ልማዱ ነው።